ገመድ አልባ የብስክሌት ቻርጀር፦ ስምንት ወር በሐዋሳ

ከአቶቴ ፒያሳ ለሥራ የምመላለስባት ኤሌክትሪክ ብስክሌት 36 ቮልት፣ 10 አምፔር ሰዓት ባትሪ አላት። አምና የቻርጅ መሰኪያዋ በአቧራና በየዕለቱ በመሰካትና በመንቀል ብዛት ላልቶ፣ ተሰክታ ያደረች ብስክሌት ጠዋት ባዶ ሆና የማገኝበት ቀን ስለበዛ፣ በየካቲት ገመድ አልባ ቻርጀር አስገጠምኩ።

ዕቃው ወለል ላይ የሚቀመጥ ሰሌዳና ብስክሌቷ መቆሚያ ላይ የሚታሰር ተቀባይ ነው። በሁለቱም ውስጥ የመዳብ ሽቦ ጥምጥም አለ፤ የታችኛው የሚፈጥረው ተለዋዋጭ መግነጢሳዊ መስክ በላይኛው ውስጥ ኤሌክትሪክ ያስነሳል፤ ይህም ማይክል ፋራዳይ በ1831 እ.ኤ.አ. ያገኘው ክስተት ነው። ሁለቱ ካልተገጣጠሙ ኃይሉ ይባክናል። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጣት ያህል ፈቀቅ አድርጌ ሳቆማት ቻርጁ እየዘገየ ሰሌዳው ይግል ነበር። ስለዚህ የፊት ጎማው የሚያርፍበትን ቦታ በረንዳው ላይ በጠመኔ አሰመርኩ፤ ዝናብ ሲያጥበው በቀለም ተካሁት።

አንድ ምሽት ሰሌዳው ላይ የወደቀ የለስላሳ ቆርኪ ሳነሳ ጣቴን አቃጠለኝ። በመስኩ ውስጥ የገባ ብረት ይግላል፤ ልጆች ያሉበት ቤት ይህን አቅልሎ ማየት የለበትም፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ሰሌዳውን ሳልጠርግ ብስክሌቷን አላቆምም።

ሶኬት ላይ በሚሰካ ቆጣሪ ስለካው፣ ባዶውን ባትሪ ለመሙላት በገመድ 430፣ ያለ ገመድ ደግሞ 510 ዋት ሰዓት ገደማ ፈጀ። ልዩነቱ በብር ሲታሰብ ትንሽ ነው። የሚሰማኝ ጊዜው ነው፤ በገመድ አምስት ሰዓት የሚፈጀው አሁን ስድስት ሰዓት ተኩል ይወስዳል።

ያም ሆኖ በክረምቱ ወራት የተገኘው ጥቅም ከጠበቅሁት በላይ ነው። ተቀባዩ ከባትሪው ጋር በታሸገ ገመድ በቋሚነት ስለተገናኘ የሚከፈትና የሚዘጋ መሰኪያ የለም፤ ሐምሌና ነሐሴ በጭቃ ተለውሳ ስትገባ መቆሚያዋን በጨርቅ ጠርጎ ማቆም ብቻ በቂ ነበር። በስምንት ወር ውስጥ በላላ ግንኙነት ምክንያት አንድም ቀን ባዶ ሆና አላደረችም።

ቅሬታዬ አንድ ነው፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሰሌዳው በራሱ አይቀጥልም፣ ቁልፉ እንደገና መጫን አለበት። በአንዳንድ ሌሊት የበረንዳው አምፖል ሲበራ ብርሃኑ በመስኮት ይቀሰቅሰኛል፤ ያን ጊዜ ተነስቼ እጫነዋለሁ፤ ሳልነቃ የቀረሁበት ማግስት ግን በባጃጅ ሄጃለሁ።