ፎርማት ሳይሉ ዊንዶውስ የሚያዛውሩ ልጆች (ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ)

ጅማ ውስጥ ኮምፒውተሬ ተንቀራፈፈ ብላችሁ የትኛውም ጥገና ቤት ብትገቡ መልሱ ያው ነው፣ ፎርማት፣ ማለትም ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደገና መጫን። ገና ላፕቶፑ ከቦርሳ ሳይወጣ ፎርማት ይደረግ ይሏችኋል። ለተማሪ ችግር የለውም፣ ፊልሙንና ፒዲኤፉን ፍላሽ ላይ ገልብጠው ይሰጡታል። እኔ ግን የቡና ንግድ ሂሳብ ነው የምይዘው፣ የስንት አመት መዝገብ ያለበት ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም አለ፣ አማርኛ የምጽፍበት የድሮው ፓወር ግዕዝ አለ፣ ፕሪንተሩም በስንት ልመና ነው የተገጠመው፣ የፒችትሪውን ሲዲ ደሞ ማን እንደወሰደው ፈጣሪ ይወቅ። ስለዚህ ስፈልግ የነበረው ዊንዶውሱን እንዳለ፣ ከነፕሮግራሙ ከነሴቲንጉ ከሃርድ ዲስክ አንስቶ አዲስ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን የዲስክ አይነት) ላይ የሚያስቀምጥልኝ ሰው ነው። ክሎን የሚሉት ማለት ነው።

ፈረንጅ አራዳ ከፎቶ ኮፒ ቤቶቹ ተርታ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች፣ ቦርዷ ላይ የሞባይልና ኮምፒውተር ጥገና ከሚለው ሌላ ስም የላትም፣ ሁለት ሰው ከገባ ሶስተኛው በረንዳ ላይ ነው የሚጠብቀው። የሚሰራው ልጅ ኪቶ ፉርዲሳ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ካምፓስ የተማረ ነው። የወደድኩለት ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ከፍላሹ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ከፍቶ የዲስኩን ጤንነት ማየቱን ነው። ቢጫ አሳየ፣ ማስጠንቀቂያ ነው። «እህቴ ይሄ ዲስክ እየደከመ ነው፣ ክሎን ስናደርግ ያለውን በሙሉ ስለሚያነብ መሀል ላይ ሊቆምብን ይችላል፣ መጀመሪያ የፒችትሪሽን ፎልደር ለብቻው እናውጣው» አለኝና ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ገለበጠልኝ። በቃ እዛው ላይ ልቤን ጣልኩበት።

ኤስኤስዲውን ከራሱ ነው የገዛሁት፣ 256 ጊጋ። የድሮው 500 ነው እኮ አያንስም ወይ ስለው ወሳኙ የዲስኩ ስፋት ሳይሆን ውስጡ ያለው ነው፣ ያንቺ መቶ ጊጋ ምናምን ስለሆነ ይበቃል፣ ሶፍትዌሩ ባዶውን ትቶ ያለውን ብቻ ነው የሚቀዳው አለ። በክሎንዚላ፣ ነፃ የክሎን ፕሮግራም ነው፣ ራሳችሁ ልትሰሩ ያሰባችሁ ግን ይሄን ልብ በሉ፣ እሱ ሴቲንጉን ካልነካካችሁት በቀር አዲሱ ዲስክ ከድሮው እኩል ወይ የሚበልጥ ካልሆነ እሺ አይልም። ትንሽ ብር ልጨምርና ፈጣኑን የኤስኤስዲ አይነት፣ ኤንቪኤምኢውን ስጠኝ ብለው ደሞ ላፕቶፕሽ ቦታው የላትም፣ ሳታ የሚባለውን የቆየውን አይነት ብቻ ነው የምትቀበለው ብሎ መለሰልኝ። ዝም ብሎ ሊሸጥልኝ ይችል ነበር እኮ። ሳታው በሰከንድ ቢበዛ 550 ሜጋባይት ገደማ ነው የሚያነበው፣ ኤንቪኤምኢ ግን 3000ውን ያልፋል፣ ቢሆንም ከሃርድ ዲስክ ለመጣ ሰው ሳታውም ከበቂ በላይ ነው፣ ምክንያቱም የሃርድ ዲስክ ዋና ችግሩ ውስጡ የሚሽከረከር ነገር አለ፣ ማንበቢያው ለእያንዳንዷ ጥቃቅን ፋይል ወዲያ ወዲህ እያለ ነው የሚፈልገው፣ ዊንዶውስ ሲነሳ ደሞ ጥቃቅን ፋይል በሺ ነው የሚጠራው። ኤስኤስዲ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም።

ከዛ አዲሱን ዲስክ በዩኤስቢ ኬብል ሰክቶ ማክሪየም በሚባል የክሎን ፕሮግራም ጀመረ (የማክሪየም ነፃው ከ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወዲህ አፕዴት የለውም፣ ሳምሰንግ ኤስኤስዲ የገዛ የሳምሰንግን ዳታ ማይግሬሽን፣ ክሩሻል የገዛ ደሞ ለክሩሻል የተዘጋጀውን አክሮኒስ በነፃ ማውረድ ይችላል)። ሲ ድራይቭን ብቻ ሳይሆን ከፊቱ ያለችውን የማስነሻ ፓርቲሽንም (ትንሽ የዲስኩ ክፋይ) አብሮ መምረጡን አሳየኝ፣ እሷ ከቀረች ኮምፒውተሩ አይነሳም። ቢትሎከር፣ ማለትም ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መቆለፊያ፣ በርቶ እንደሆነም ጠየቀ፣ የእናንተ ከበራ ቀድማችሁ አጥፉት፣ ሪከቨሪ ኪውንም (የመክፈቻ ቁጥሩን) ሳትይዙ አትሂዱ።

ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። የኔ ላፕቶፕ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፣ ቤቱም ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) የለውም፣ በዚህ አገር በዚህ መብራት የኮምፒውተር ጥገና ቤት ያለ ዩፒኤስ ምን ማለት ነው እሺ? እኔ ደንግጬ ቆሜ ልጁ ይስቃል፣ ክሎን ከድሮው ዲስክ ማንበብ ብቻ እንጂ ምንም ስለማይጽፍበት ያንቺ ነገር አልተነካም፣ መብራት ሲመጣ እንደገና ማስጀመር ነው አለ። እውነቱን ነው፣ እንደዛው ሆነ፣ ግን ቀኑ አለቀ። እንዲህ ሰዓት ከሚያቃጥል ዩፒኤስ ቢገዛ ይሻለዋል።

ውጤቱን በተመለከተ፣ ድሮ ጠዋት አብርቼው ቢሮውን ጠርጌ ጠረጴዛ ወልውዬ ነበር የሚከፈተው፣ አሁን ወንበር ስቤ ሳልቀመጥ ፓስወርድ ይጠይቀኛል። ፒችትሪው እንዳለ አለ፣ ፕሪንተሩም ያትማል። ዊንዶውሱም አክቲቬሽን አልጠየቀም፣ ላይሰንሱ የታሰረው ከማዘርቦርዱ ጋር ስለሆነ ዲስክ መቀየር አይነካውም። ግን ክሎን ቆሻሻውንም አብሮ ነው የሚያመጣው፣ ቫይረስ ካለ ከነቫይረሱ ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፣ አዲስ ዲስክ ላይ ስለተቀመጠ አዲስ አይሆንም፣ ይሄንን ልጁ ራሱ ነው የነገረኝ።

የድሮውን ዲስክ ኬዝ ውስጥ አድርጎ ሰጠኝ፣ አዲሱ መስራቱን በደንብ ሳታረጋግጪ እንዳታጠፊው፣ ሁለቱንም ሰክተሽም እንዳታስነሺ አለኝ፣ መንታ ስለሆኑ ኮምፒውተሩ ይምታታበታል።

ቅሬታ አለኝ። ለክሎኑ ከፎርማት እጥፍ ገደማ ነው ያስከፈለኝ፣ እሱስ ይሁን ስራው አለው፣ የኤስኤስዲው ዋስትና ግን በቃል ነው፣ ደረሰኝ ስል ብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፈልኝ፣ ቢሮ ላለው ሰው ይሄ አይሰራም፣ ሂሳብ ማወራረጃ ከፈለጋችሁ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ስልክም አያነሱም። ፊልምና ፎቶ ብቻ ያላችሁ ደሞ ብራችሁን አታባክኑ፣ ለእናንተ አዲስ ኤስኤስዲ ላይ ንጹህ ዊንዶውስ መጫን ይሻላል።

ስትሄዱ ቻርጀራችሁን ያዙ፣ ቤቱ ያለው አንድ ብቻ ነው፣ እሱንም በፕላስተር ጠቅልለውታል።