ላ ሆያ ላይ በካያክ ዓሣ ማጥመድ፦ መሪው አንደኛ፣ ወንበሩ ግን...

ሳንዲያጎ ስኖር ስድስት ዓመቴ ነው። ፓስፊክን ግን አሸዋው ላይ ቆሜ ከማየት አልፌ አላውቅም ነበር። ባለፈው ሰኔ የሥራ ባልደረባዬ ጎትቶ እዚሁ ሳንዲያጎ ባሕር ዳር ወዳለው ላ ሆያ ወሰደኝ፣ ካያክ በምትባለው በመቅዘፊያ የምትነዳ ጠባብ ጀልባ ዓሣ ልናጠምድ። ያስወጣንን ድርጅት ስሙን አልጠራውም። ለግማሽ ቀን ከነጉርሻው ከ200 ዶላር በላይ ስለወጣብኝ ግን የተሰማኝን ብናገር አይፈረድብኝም።

ቀጠሮው ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ነው፣ በሀበሻ ሰዓት። ቦታው አቬኒዳ ዴ ላ ፕላያ የሚባለው መንገድ አሸዋ ላይ የሚያልቅበት ጋ ነው። ጭጋግ፣ ብርድ። እዚህ ባሕር ዳርቻ ሰኔ ማለት የአዲስ አበባ ሐምሌ ነው፣ ዝናቡ ሲቀር። ጃኬት ያዙ።

ካያኩ ውስጡ የሚገባበት ሳይሆን ላዩ ላይ የሚቀመጡበት ዓይነት ነው። ውሃው ከላይ ይገባል፣ ከታች ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል። ጣና ዳር ላደገ ሰው የደንገል ታንኳ የፕላስቲክ ዘመድ በሉት፤ ቂጥ መራሱ አይቀርም።

ድርጅቱ የመደበልን መሪ ግን ጎበዝ ልጅ ነው። ውሃው ውስጥ ስትራመዱ እግራችሁን መሬት ለመሬት ጎትቱ አለን፤ አሸዋው ሥር የተቀበረ ጅራተ እሾህ ጠፍጣፋ ዓሣ አለ፣ ከረገጡት ይወጋል፣ ድምፅና ንቅናቄ ሲሰማ ግን ራሱ ይሸሻል። ሞገዱን ፊት ለፊት እንጂ በጎን አትቀበሉም አለን። እኔ በጎን ተቀበልኩና ተገለበጥኩ። ሳይስቅ መጥቶ አነሳኝ። ለዚህ ብቻ አምስት ኮከብ።

አሁን ቅሬታ። አንደኛ፣ ከዳርቻው ፊት ያለው ውሃ ማትላሁአይል የሚባል ጥብቅ ክልል ነው፤ ከ2012 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ማጥመድ ክልክል ነው። እሱን እስክታልፉ መቅዘፍ ብቻ ነው፣ ትከሻ ይነቅላል፣ ይህን ስንመዘገብ ማንም አልነገረንም። ሁለተኛ፣ 16 ዓመት የሞላው ሰው የካሊፎርኒያ የማጥመድ ፈቃድ ያስፈልገዋል። እኔ ያወቅኩት መኪና ማቆሚያው ላይ ነው፣ በጨለማ በስልኬ የአንድ ቀን ፈቃድ ስገዛ። ሦስተኛ፣ የወንበሬ ማሰሪያ በግራ በኩል ተበጥሷል። ጠዋቱን ሙሉ ለአንድ ወገን ተንጋድጄ ነው የቀዘፍኩት።

ማጥመዱ ግን፣ ኧረ ተዉኝ! መጀመሪያ ብዙ ትንንሽ መንጠቆ ባለው ክር ማከሬል የሚባል ለማጥመጃ የሚሆን ዓሣ ትይዛላችሁ፤ ከዚያ ማከሬሉን ከነሕይወቱ ትልቁ መንጠቆ ላይ አድርጋችሁ ኬልፕ ከሚባለው የባሕር አረም ጫፍ ትለቁታላችሁ። የመጀመሪያው ሲነክስ ካያኩን ይዞኝ ዞረ። ምን እንደነበር ሳላይ የባሕር አንበሳ ከሥር መጥቶ ወሰደው፣ ጭንቅላቱን ብቻ ተወልኝ። ሌባ። ሁለተኛው ካሊኮ ባስ የሚባል ዓሣ ነበር፤ መሪው ሜትር አውጥቶ ለካው፣ 13 ኢንች። ሕጉ 14 ነው፣ መለስነው። ሦስተኛው 16 ኢንች ወጣና ማታ በሚጥሚጣ ተጠበሰ።

ስለ ወንበሩ ጽፌላቸው ነበር። በሚቀጥለው ግማሽ ዋጋ እናስወጣሃለን፣ ግን ማክሰኞ ብቻ አሉኝ። ማክሰኞ ሥራ ነኝ።