የኪልቢ ቺፕ ወይስ የኖይስ?

ሁለቱ አሜሪካውያን ቺፕን፣ ማለትም ብዙ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎችን በአንድ ትንሽ ቁራጭ ላይ የያዘውን ዑደት፣ የፈጠሩት ለየብቻቸው ነው። የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ኩባንያው ጃክ ኪልቢ ቀደመ። እ.ኤ.አ. በ1958 የሠራው ናሙና ጀርማኒየም ከተባለ ከፊል አስተላላፊ ንጥረ ነገር ነበር። ክፍሎቹን ያገናኘው ግን በቀጫጭን የወርቅ ሽቦዎች ነው። እያንዳንዷን ሽቦ በእጅ እያያያዙ በብዛት ማምረት? የማይታሰብ ነው!

የፌርቻይልድ ኩባንያው ሮበርት ኖይስ ሲሊከንን መረጠ። የባልደረባውን የዣን ሆርኒን ዘዴ ተጠቅሞ ሲሊከኑን ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ኦክሳይድ ሸፈነ። ከሽፋኑ በላይ የተለበጠው ስስ አሉሚኒየም ክፍሎቹን ያገናኛል፤ የሽቦ ጣጣ የለም። ምረጥ ብባል ያለማመንታት የኖይስን ነው የምወስደው። የዛሬዎቹም ቺፖች በመሠረቱ የእሱን መንገድ ይከተላሉ።

ለፓተንት (ለፈጠራ ባለቤትነት መብት) ቀድሞ ያመለከተው ኪልቢ፣ ቀድሞ ያገኘው ደግሞ ኖይስ ነው፤ በ1961። ኩባንያዎቹ ሲሟገቱ ቆይተው በ1966 ተስማሙ። ኪልቢ በ2000 ኖቤል ተሸለመ፤ ኖይስ ግን በ1990 አርፎ ነበር።