ጓንዡ ለምትመላለሱና ወገባችሁን ለሚያማችሁ

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። ዕቃ ለማምጣት ቻይና፣ ጓንዡ ለምትመላለሱ እህቶቼና ወንድሞቼም ጥቆማ ይሁናችሁ። ሥራችንን ታውቁታላችሁ። ቀኑን ሙሉ ባይዩን የቆዳ ገበያ በእግር መዞር፣ ማታ ካርቶን ማሰር፣ ካርጎ ቤት ድረስ መጎተት። በመጨረሻ ወገቤን ያዘኝና ጎንበስ ማለት አቃተኝ።

ሻኦቤይ ሜትሮ ጣቢያ አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ አንድ የሰፈር ማሳጅና አኩፓንክቸር (በቀጭን መርፌ የሚሰጥ የቻይና ሕክምና) ቤት አለ። ማሳጁን የሚሠሩት ዓይነ ስውራን ናቸው። ቻይና ውስጥ የተለመደ ነው፤ ሙያውን ተምረው ነው የሚገቡበት። ማሳጅ ቤት ስላልኩ ፊታችሁን እንዳታጨማድዱ! መብራቱ ቦግ ያለ ነው፣ የሰፈሩ አሮጊቶች ወረፋ ይዘው ይጠብቃሉ፣ ልብስም አይወልቅም። አንሶላ ጣል አድርገው ከላይ ነው የሚያሹት። ሴቶች ይህን ልብ በሉ።

እኔን ያሹኝ በዕድሜ ጠና ያሉ አባት ናቸው። የምንግባባው በስልክ ነው። እኔ በእንግሊዝኛ እናገራለሁ፣ ስልኩ በቻይንኛ ጮክ ብሎ ይነግራቸዋል። እጃቸው ከባድ ነው፣ አልዋሽም። ከበዛባችሁ «ቺንግ ይድየን» በሉ፣ ቀለል ያደርጉላችኋል።

መርፌውን የምትወጋው ሌላ ሐኪም ናት። ፈቃዷ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። መርፌው እንደ ፀጉር ቀጭን ነው፤ እሽጉን ፊታችሁ ትከፍታለች፣ ሲያልቅ ትጥለዋለች። ሲገባ እምብዛም አያምም፤ ቆይቶ ግን ቦታው ይከብዳል፣ ደንዘዝ ይላል። ግማሽ ሰዓት ገደማ ተኝቶ መቆየት ነው። ዋገምትም አላቸው፣ በቀንድ ሳይሆን በብርጭቆ። ሰውነት ለማሞቅ የሚያጨሱት ቅጠል ደግሞ የአሪቲ ዘመድ ነው፤ ቤቱ አገር አገር ይሸታል። እርጉዝ የሆናችሁ ወይም ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ግን ቀድማችሁ ተናገሩ።

እኚህን አባት ላመሰግን የተነሳሁት በሌላ ነገር ነው። ከዚያ በፊት የሄድኩበት ቤት ገና ከመቀመጤ የቅድሚያ ክፍያ ካርድ ካልገዛሽ ብለው ወጥረው ያዙኝ። እሳቸው ጋ ግን እኔው ራሴ «በየቀኑ ልምጣ?» ስላቸው እምቢ አሉኝ። ሰውነትሽ ይረፍ አሉ። ሕመሙ ወደ እግርሽ ወርዶ ካደነዘዘሽ ደግሞ እኛ ጋ አትምጪ፣ ሆስፒታል ሄደሽ ታዪ አሉኝ። እኔም ነጋዴ ነኝ፤ እጁ የገባ ገንዘብ የሚመልስ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም።

ወገቤ ድኗል አልልም። ግን ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አስራለሁ፣ የመልሱንም በረራ ተቀምጬ ጨረስኩት። በፊት እኮ መተላለፊያው ላይ ስቆም ነበር የማመሸው።

ክፍያው በስልክ፣ በአሊፔይ ወይም በዊቻት ነው። ማታ ማታ ወረፋው ስለሚበዛ በጠዋት ሂዱ። ካርታውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። አባቴ፣ እጅዎ ይባረክ!