በሐምሌ ዝናብ ሱሉልታ ላይ የተከራየነው ድንኳንና ጄኔሬተር

ክለባችን ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ለሚደረገው ዓለም አቀፍ የአማተር ሬዲዮ ውድድር (በትርፍ ጊዜያቸው ሬዲዮ የሚጠቀሙ ሰዎች ከብዙ ጣቢያዎች ጋር ለመገናኘት የሚፎካከሩበት) ሱሉልታ ወጥቶ ነበር። ውድድሩ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ 24 ሰዓት ሙሉ ነው፤ ድንኳንና ጄኔሬተር ከአንድ ቦታ ተከራየን።

ድንኳኑን ወድጄዋለሁ። ማታ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲወርድበት አንዲት ጠብታ አላስገባም፣ ሬዲዮውም ላፕቶፑም ደርቀው አደሩ። ካስማዎቹ ግን አጫጭር ናቸው። መሬቱ ጥቁር ጭቃ ነው፣ ሲርስ ምንም አይዝም፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ንፋሱ አንዱን ጥግ ነቀለውና ሁለት ልጆች ገመዱን ጨብጠው ዝናብ ላይ ቆሙ፣ እኔ ውስጥ ሆኜ “59፣ 48” እያልኩ ቀጠልኩ (59 ድምፅህ ጥርት ብሎ ይሰማል ማለት ነው፣ 48 ደግሞ ኢትዮጵያ ያለችበት የዓለም አቀፍ ሬዲዮ ዞን ቁጥር ነው)። ጀግኖች ናቸው በእውነት!

ያናደደኝ ጄኔሬተሩ ነው። ገና ሲነሳ 20 ሜትር ባንድ (የምንገናኝበት የሬዲዮ ሞገድ ክልል) ላይ ዝዝዝ የሚል ድምፅ ሞላ፣ ደካማ ጣቢያዎች በሙሉ ጠፉ። አከራዩ ጋ ደጋግመን ደወልን፣ አያነሳም። በመጨረሻ አጥፍተነው ሬዲዮውን ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኘነው፤ ወዲያው ጸጥ አለ፣ የሩቁ ሁሉ ተሰማ።

ድንኳኑን ተከራዩ፣ ረጃጅም ካስማ ከቤት ያዙ። ጄኔሬተሩን ግን ከመክፈላችሁ በፊት ሬዲዮ አጠገብ አስነስታችሁ ስሙት።