ለእንግሊዝኛ ሐረግ ማጣሪያ፦ የጉግል ኤንግራም ቪወር ሲፈተሽ

የኢሜይል መዝጊያ ላይ «ሉኪንግ ፎርዋርድ ቱ ሂር ፍሮም ዩ» (መልስዎን በጉጉት እጠብቃለሁ ለማለት) የሚል ሲገኝ ጥሩ የተጻፈውን ሁሉ ያበላሻል። ትክክሉ «ሂሪንግ» ነው። እዚህ ላይ «ቱ» መስተዋድድ ናት፤ ከኋላዋ ስም ወይም በ«ኢንግ» የሚያልቅ ቃል ትፈልጋለች። ለማረጋገጥ በ«ሂር ፍሮም ዩ» ቦታ «ዘ ሚቲንግ»ን ይተኩ፤ ዐረፍተ ነገሩ ከሠመረ «ኢንግ» ግድ ነው።

ደንቡ ለጠፋበት ጸሐፊ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የጉግል ኤንግራም ቪወር አገልግሎት ጥሩ ዳኛ ነው። ነፃ ነው፤ ምዝገባም አይጠይቅም። ሐረጎቹን በእንግሊዝኛው ኮማ ለይተው ሲያስገቡ፣ በመጻሕፍት ውስጥ በየዓመቱ ምን ያህል እንደተጻፉ በመስመር ያሳያል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው በቃላት ቁጥር ነው። አገልግሎቱ የሚይዘው እስከ 5 ቃል ሲሆን ሙሉው ሐረግ 6 ነው፤ ስለዚህ መስመር አይወጣለትም። «ሉኪንግ»ን ቆርጠው «ፎርዋርድ ቱ ሂሪንግ ፍሮም ዩ»ን ከ«ፎርዋርድ ቱ ሂር ፍሮም ዩ» ጋር ያወዳድሩ። እንዲህ ሲሆን በ«ሉክ» የተጻፈውም አብሮ ይቆጠራል። የትልቅና የትንሽ ፊደል ጣጣም አይኖርም፤ ካላዘዙት በቀር በትልቅ ፊደል የሚጀምረውን «ሉኪንግ» እንደ ሌላ ቃል ነው የሚቆጥረው። ውጤቱ አያሻማም፦ የ«ሂሪንግ» መስመር ከፍ ብሎ ይሄዳል፣ የ«ሂር» ከወለሉ ብዙም አይነሣም።

ከዚያ በላይ ግን አይቁረጡ። «ፎርዋርድ ቱ ሂር» ብቻ ከተጻፈ፣ «ለመስማት ወደ ፊት ጎንበስ አለ» የሚሉ የልብ ወለድ ዐረፍተ ነገሮች ይገቡበታል። እነሱ በሰዋስው ትክክል ናቸው፤ ቁጥሩን ግን ያዛባሉ። «ፍሮም ዩ» የግድ መኖር ያለበት ለዚህ ነው።

መስመሩን የሚያለሰልሰው ማስተካከያ ሳይነኩት 3 ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ ከፊቱና ከኋላው ካሉት 3 ዓመታት ጋር ተደምሮ የወጣ አማካይ ነው። የአንድን ዓመት ነጠላ ቁጥር የሚፈልግ ወደ 0 ያውርደው። ቢያንስ በ40 መጻሕፍት ያልተገኘ ሐረግ ጨርሶ አይታይም፤ ስለዚህ ባዶ ውጤት ሐረጉ ስሕተት ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ትልቁ ጉድለቱ የአነጋገር ደረጃን አለመለየቱ ነው። «አይ ሉክ ፎርዋርድ» ለማመልከቻና ለሥራ ደብዳቤ ይመጥናል፤ «አይ» ተጥላ በ«ሉኪንግ» ሲጀመር ቀለል ያለ፣ ለሚተዋወቁ ሰዎች የሚሆን ነው። ይህን ለማወቅ የተማሪ መዝገበ ቃላት መክፈት ያስፈልጋል።