በፀሐይ የሚሠራው የፍልፈል ማባረሪያ፦ ከአንድ በጋና ከአንድ ክረምት በኋላ

መልሱ ብቻ ለሚበቃው ሰው፦ አትግዙት። ምክንያቱን ለሚፈልግ ግን ነገሩ ትንሽ ይረዝማል። ይህን ጽሑፍ ባለፈው ጥር ብጽፈው ኖሮ አምስት ኮከብ ሰጥቼ፣ ሻጩን መርቄ ነበር የምዘጋው። ዕቃው ያው ዕቃ ነው፤ የተለወጠው ወቅቱ ነው።

ለማያውቀው፣ ዕቃው ይህን ይመስላል። ከላይ ትንሽ የፀሐይ ፓነል የተለጠፈበት ጥቁር ፕላስቲክ፣ ከሥሩ መሬት ውስጥ የሚቀበር የአሉሚኒየም ዘንግ። ሆዱ ውስጥ ባትሪና ንዝረት የሚያወጣ ነገር አለ፤ በየ30 ሰከንዱ ይጮሃል። ሳጥኑ ላይ ድምፁ ከ400 እስከ 1,000 ኸርዝ እንደሆነና አንዱ ዘንግ 650 ካሬ ሜትር እንደሚሸፍን ተጽፏል። የእኛ ግቢ ከነቤቱ ከዚያ ያንሳል፤ እኔ ግን ሁለት ገዛሁ፣ አንዱን ለእንሰቱ፣ አንዱን ለአትክልት መደቡ። የታወቀ የአምራች ስም የለውም፤ በየሱቁና በየቴሌግራሙ በተለያየ ስም የሚሸጠው ያው የቻይና ዕቃ ነው። ዋጋው በየሰሞኑ ስለሚለዋወጥ ቁጥር አልጽፍም፤ ለሁለቱ የሰጠሁት ብር ግን ለአንድ ቆፋሪ የብዙ ቀን የጉልበት ዋጋ ይሆን ነበር። ይህን ያነሳሁት ቆፋሪው ወደ በኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

ግቢያችን ጅማ ከተማ፣ ወደ ጅሬን በሚያወጣው መንገድ በኩል ነው። ጓሮው እንሰት፣ ጎደሬ፣ ስኳር ድንች፣ ካሮትና ቀይ ሥር አለው፤ አጥሩ ጥግ ደግሞ ጥቂት 74110 ቡና። (ቡናው ከመልኮ፣ ከጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጣ ዝርያ ነው፤ 74ቱ የተመረጠበትን 1974 እ.ኤ.አ. ያመለክታል። አጭርና ሰብሰብ ያለ ስለሆነ ለጓሮ ይመቻል።) በአጭሩ፣ ከመሬት በታች ያለ ነገር ለሚበላ እንስሳ የተዘረጋ ማዕድ ነው።

ዕቃ ከመግዛት በፊት ጠላትን መለየት ይቀድማል። ጓሮው ውስጥ ጉድጓድ ባየ ቁጥር «ፍልፈል ገባብኝ» የሚል ብዙ ነው። አፉ ክፍት ሆኖ ዳሩ በመመላለስ የለሰለሰ ቀዳዳ የአይጥ ነው። እንሰቱ ከመሬት በላይ ተግጦ፣ አጥሩ ሥር ሰፊ መሹለኪያ ተከፍቶ፣ አልፎ አልፎም እሾሁ ወድቆ ከተገኘ ጃርት ነው። ፍልፈል ቀዳዳ አያሳይም። የሚያሳየው የአፈር ክምር ብቻ ነው፤ ቆፍሮ ያወጣውን ወደ ላይ ይገፋና በዚያው ደፍኖት ይመለሳል። ሥር እየፈለገ የሚሄድበት መንገድ ከመሬት ከአንድ ስንዝር ብዙም አይርቅም፤ የሚተኛበትና ምግቡን የሚያከማችበት ክፍል ግን ጠለቅ ይላል።

እንሰት ላይ ሲሆን ምልክቱ ያሳስታል። ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ተክሉ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ ገፋ ሲያደርጉት ይወድቃል፤ ከሥሩ አሚቾው (መሬት ውስጥ ያለው ወፍራሙ የእንሰቱ ክፍል) ተበልቶ አልቋል። ባክቴሪያ የሚያመጣው የአጠውልግ በሽታም ቅጠል ያጠወልጋል። መለያው የቅጠሉን ዘንግ ቆርጦ ማየት ነው። ነጣ ወይም ቢጫ ያለ ዝልግልግ ፈሳሽ ካወጣ በሽታው ነው፤ በዚያ ቢላዋ፣ በእሳት ወይም በበረኪና ሳይጸዳ፣ ሌላ እንሰት መንካት የለም። ፈሳሽ ከሌለና ሥሩ ተገዝግዞ ከተገኘ ግን ፍልፈል ነው። ይህን ያልለየ ሰው ለባክቴሪያ ንዝረት ሲያሰማ ይከርማል።

ተከላው ቀላል ነው ይላል ሳጥኑ። በጅማ ቀይ አፈር፣ ያውም ጥቅምት ሲያልቅ ዝናቡ ካበቃ በኋላ፣ ቀላል አይደለም። ራሱን በመዶሻ ቢመቱት ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ በወፍራም ብረት ቀዳዳ ማበጀት፣ ዘንጉን ማስገባት፣ ዙሪያውን አፈር ጠቅጥቆ መሙላት ነው፤ ክፍተት ከቀረ ንዝረቱ ወደ አፈሩ አይተላለፍም። ድምፁ ለሰውም ይሰማል፤ ለመኝታ ቤት መስኮት አታቅርቡት። ውሻችን መጀመሪያ ሰሞን ጮኸበት፣ ኋላ ተደግፎት ይተኛ ጀመር። ያኔውኑ መጠርጠር ይቻል ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰላም ወረደ። ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር አዲስ ክምር ብርቅ ሆነ። እናቴ ቡና ለመጣ ሰው ሁሉ «ልጄ ያመጣችው ማሽን» እያለች እየወሰደች ታሳይ ነበር። እኔ ያልተዋጠልኝ የጎረቤታችን ጓሮ ነው። እዚያ ምንም አልተተከለም፤ ነገር ግን እዚያም አዲስ ክምር አልነበረም። ከአጥሩ ወዲህም ወዲያም አንድ ዓይነት ጸጥታ ነበር።

ፍልፈል የሚቆፍረው በፊት ጥርሱ ነው። በጋ ላይ የደረቀ ቀይ አፈር ለእሱም ፈተና ነው፤ ባለው ዋሻ ይኖራል፣ ያከማቸውን ይበላል፣ አዲስ ቁፋሮውን ይቀንሳል። ዝናብ አፈሩን ሲያለሰልስ ደግሞ ሥራውን ይጀምራል። እንግዲህ ጥቅምት ላይ ማባረሪያ የገዛ ሰው ገና ባትሪው ሞልቶ ሳይበቃ ፍልፈሉ «ይጠፋለታል»፤ ግንቦት ላይ የገዛ ሰው ደግሞ በሳምንቱ ይሳደባል። ኢንተርኔት ላይ ያሉት ምስጋናዎች ሁሉ የሐሰት ናቸው አልልም። ግምገማው መቼ ተጻፈ፣ ዕቃው መቼ ተተከለ ብላችሁ ግን እዩ። ከተተከለ በሁለት ሳምንት የተጻፈ ግምገማ ስለ ዕቃው ሳይሆን ስለ አየሩ የሚነግር ነው።

መጋቢት ላይ ዝናቡ ጣል ጣል ሲያደርግ ክምሩ ተመለሰ። አንዱማ ከዘንጉ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው ብቅ ያለው። አለ የለም ብሎ ለመለየት ገንዘብ የማያስወጣ ፈተና አለ፤ መንገዱን በዶማ ከፍቶ ክፍት መተው ነው። ፍልፈል ወደ ዋሻው ብርሃንና ነፋስ ሲገባ አይወድም፤ ካለ መጥቶ በአፈር ይደፍነዋል። ማሽኑ አጠገብ የከፈትኩትን በማግስቱ ጠዋት ተደፍኖ አገኘሁት፤ ማሽኑ እላዩ ላይ እየጮኸ። ቦታ እየቀያየርኩ ደጋግሜዋለሁ፣ ለውጥ የለም።

ነገሩ ሲታሰብ አይገርምም። ፍልፈል ብቸኛ እንስሳ ነው፣ በአንድ ዋሻ አንድ ነው የሚኖረው፤ መልእክት የሚልከውም በመሬት ንዝረት ነው። ተመራማሪዎች በታንዛኒያ የሚገኘው ዘመዱም ሆነ በባሌ ተራሮች የሚኖረው ግዙፉ ፍልፈል ጭንቅላቱን ከዋሻው ጋር እየመታ ምልክት እንደሚያስተላልፍ መዝግበዋል። እንዲህ ያለውን እንስሳ በንዝረት አባርራለሁ ማለት የመርካቶን ነጋዴ በጫጫታ አባርራለሁ እንደማለት ነው። (ባሌ ላይ ቀይ ቀበሮ ግዙፉን ፍልፈል እያደነ ይበላል። ለእኛ ጓሮ የደረሰችን ድመት ናት፤ እሷም ከአይጥ አታልፍም።)

ጥርጣሬው የእኔ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2001 በአልትራሳውንድ (ለሰው ጆሮ በማይሰማ ቀጭን ድምፅ) ተባይ እናባርራለን ለሚሉ ከ60 በላይ አምራቾችና ቸርቻሪዎች፣ ለሚሉት ነገር ሳይንሳዊ ማስረጃ ሊኖራቸው እንደሚገባ የሚያስጠነቅቅ ደብዳቤ ልኳል። እነዚያ በአየር የሚሄድ ድምፅ የሚያወጡ ናቸው፤ የእኛው በመሬት ነው። ሆኖም የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ለአትክልተኞች የሚያወጣው ምክርም የዚያ አገር ቆፋሪ አይጦች በድምፅም በንዝረትም እንደማይባረሩ ይናገራል።

ክረምት ሲገባ ሌላው ጉድ መጣ። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ለዚህች ትንሽ ፓነል የሚሆን ፀሐይ የለም። ሐምሌ ላይ ቀትር ላይ ይጮሃል፣ ማታ ዝም ይላል። ዝናቡ የሚፈናጥቀው ቀይ ጭቃ ፓነሉን ስለሚለብሰው በጨርቅ ካልተወለወለ ቀትርም ዝም ነው። ስለዚህ ፍልፈሉ አብዝቶ በሚቆፍርበት ወቅት ማሽኑ አብዝቶ ይተኛል። ሻጩ ዘንድ ደወልኩ። «እሱማ ክረምት ላይ አይሠራም እኮ» አለኝ፣ እኔ ራሴ ማወቅ የነበረብኝ ይመስል። በጋ ላይ ፍልፈሉ አይቆፍርም፣ ክረምት ላይ ማሽኑ አይሠራም፤ መቼ ሊገናኙ እንደታሰበ አላውቅም።

እንሰቱ ሥር የነበረው ነሐሴ ላይ ጭራሹን አቆመ። ስፈታው የላስቲክ ማሸጊያው ውሃ አስገብቶ የባትሪው መያዣ ዝጓል። ባትሪው በመጠን የሪሞት ባትሪ ያክላል፣ ግን ቻርጅ የሚደረግ ዓይነት ነው። በቦታው ተራውን የሪሞት ባትሪ እንዳትከቱ፤ ፓነሉ ቻርጅ ሊያደርገው ሲሞክር ያፈሳል፣ ከዚያም ሊብስ ይችላል።

ታዲያ ጓሮው እንዴት ተረፈ? ሁለት ነገር ነው፣ ሁለቱም ባትሪ የላቸውም።

የመጀመሪያው ወጥመድ ነው። ከአጥር ወዲያ ያሉት አባባ አንድ ቀን ማሽኑን ትንሽ ካዳመጡ በኋላ «ልጄ፣ ዘፈን ነው እንዴ የከፈትሽለት? እሱ ዘፈን አይፈራም፣ ብርሃን ነው የሚጠላው» አሉኝና መጥተው አሳዩኝ። ትልቁ ሥራ መንገዱን ማግኘት ነው። ከክምሩ ጎን ጎን መሬቱን በቀጭን ብረት ይወጋሉ፤ ብረቱ ድንገት ስምጥ ሲል መንገዱ እዚያ ነው። ይከፍቱታል። ተለማጭ ዱላ ይተክሉና ያጎነብሱታል፣ ጫፉ ላይ የሲባጎ ሸምቀቆ ያስራሉ፣ ሸምቀቆውን በመንገዱ ልክ ውስጥ ዘርግተው ዱላውን በክር ይወጥሩታል። ፍልፈሉ የገባበትን ብርሃን ሊደፍን አፈር እየገፋ ሲመጣ ክሩን ይበጥሳል፤ ዱላው ይቃናል። ወጪው ሲባጎ ብቻ ነው። እንሰቶቻችን የተረፉት በዚህ ነው።

ወጥመድ ግን መጨረሻ የለውም። አንዱ ሲያዝ ባዶ ዋሻው ለሌላው የተሰናዳ ቤት ይሆናል፤ በተለይ ግቢያችሁ ከሣር መሬት የሚዋሰን ከሆነ ሥራው በየዝናቡ ይመለሳል። ደግሞም ሁሉም ሰው ሆዱ አይችልም። እህቴ ጠዋት ጠዋት ወጥመዱን ለማየት አትሄድም፤ አልፈርድባትም።

ሁለተኛው ሽቦ ነው፤ ብር ካወጣችሁ እዚህ አውጡት። መደቡን አንድ ክንድ ያህል ቆፍሮ አፈሩን ማውጣት፣ ታቹንና ጎኑን ሽቦ ማልበስ፣ ጎኑን ከመሬት አንድ ስንዝር ወደ ላይ ማስቀረት፣ ከዚያ አፈሩን መመለስ። ቆፋሪ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፣ ጉልበቱ ቀላል አይደለም። የሽቦው ዓይን ከ13 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ይሻላል፤ የተበየደና ዝገት እንዳይበላው ዚንክ የተነከረ ይሁን። የዶሮ ሽቦ ይረክሳል፣ ግን ክሩ ቀጭን ነው፤ በእኛ እርጥበት ቶሎ ይዝጋል። መጋጠሚያው ላይ አንዱን በአንዱ ላይ ደርቡና በቀጭን ሽቦ ስፉት፤ ፍልፈል የሚገባው እዚያው ነው። ሚያዝያ ላይ ነው ያስገባነው፤ ክረምቱን ሙሉ ከመደቡ ውጭ ክምር ሲነሳ ከረመ፣ ካሮቱና ቀይ ሥሩ ግን አልተነካም።

ሽቦ ለእንሰት አይሆንም፤ አሚቾው ይወፍራል፣ ተክሉም ከቦታ ቦታ ይዛወራል። ለቡናው ችግኝ ዋናው ሥር ወደ ታች እንዲሄድ ታቹን ክፍት ትቼ ጎኑን ብቻ ከልያለሁ። ገና ትንሽ ስለሆነ እሱ ላይ አልፈርድም።

መርዝ ለምትሉ፦ ዚንክ ፎስፋይድ የሚባለው ዱቄት ሆድ ውስጥ ካለው አሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ይፈጥራል፤ ማርከሻም የለውም። ዶሮ፣ ውሻና ሕፃን በሚመላለስበት ጓሮ እኔ እጄን አላስገባበትም። የበርበሬ ጭስም ሞክረናል፤ ያስነጠሰው እኛን ነው።

ለማሽኑ ከአምስት አንድ ኮከብ፤ እሱም በጋውን ስላልተበላሸ። የተረፈው አሁንም ከመደቡ ጥግ ቆሟል፣ እናቴ «ይቆይ፣ ምን ይጎዳል» ስላለች። ሽቦውን ለመግዛት ያሰባችሁ ግን አንድ ነገር እወቁ፤ ብዙ ሱቅ በሜትር ቆርጦ ሲሸጥ ዋጋውን ያስወድዳል። እኛ ከአባባ ቤትና ከሌላ አንድ ጎረቤት ጋር ሆነን ጥቅሉን ገዝተን ተካፈልነው፤ የተረፈው ቁራጭ ለዶሮ ቤቱ መስኮት ሆነ።